የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ ከእንጦጦ እስከ አዲስ ዓለም በሳይክል

ባለፈው እትም ስለ ሳይክል ጥያቄ ያላችሁ ላኩልን ብለን ነበር። የመጣው ብዙ ነው፣ አብዛኛው ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ ስለመንዳት ነው፣ ይሄ በጣም ነው ደስ ያለኝ ምክንያቱም አዲስ አበባ ዙሪያ ያለው መንገድ ለሳይክል ምን ያህል ሀብታም እንደሆነ የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌያለሁ፣ ስማችን አይጠቀስ ያላችሁ ስላላችሁ ደግሞ የሁላችሁንም ሰፈር ብቻ ነው የጻፍኩት።

ጥያቄ፦ ሐምሌ በመጣ ቁጥር ቱር ደ ፍራንስን በዲሽ አያለሁ። ውድድሩ እንዳለ ሆኖ እኔን የሚገርመኝ ከሄሊኮፕተር የሚያሳዩት ነገር ነው፣ ኮረብታ፣ የስንዴ ማሳ፣ ትንንሽ መንደር፣ ከዛ ድንገት አንድ ትልቅ ካስል ይመጣል። ሮድ ሳይክል ከገዛሁ ቆየሁ ግን ከከተማ ወጥቼ አላውቅም። እንደዚህ ዓይነት መንገድ አዲስ አበባ ዙሪያ አለ ወይስ ጎንደር ካልሄድኩ አይገኝም? (ከአስኮ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስኮ ከሆንክ መንገዱ በርህ ላይ ነው ያለው።

የድንጋይ ግንብ ብቻ ከሆነ የምትፈልገው፣ አዎ፣ ጎንደር ነው፣ ፋሲል ግቢን የሚመስል ነገር እዚህ የለም። ግን በቲቪ የምታየው ግንቡን ብቻ አይደለም እኮ፣ ንጉሥ የኖረበት ወይም ሊኖርበት ያሰበው ቦታ፣ ከስሩ መንደር፣ ዙሪያውን እርሻ፣ በመሀል አስፋልት ነው የምታየው። እሱ ደግሞ እኛ ጋ ሞልቷል። ፈረንሳይ ውስጥ ሎዋር ወንዝ አካባቢ ሻምቦር የሚባል ትልቅ ካስል አለ፣ ንጉሥ ፍራንሷ ቀዳማዊ በፈረንጅ አቆጣጠር 1519 አስጀመረው፣ ራሱ ግን እዛ ያሳለፈው ጊዜ በጣም ትንሽ ነው፣ ንጉሡ ከነአጃቢው ከቦታ ቦታ ይዞር ነበርና። የኛም ነገሥታት እንደዛው ነበሩ። አፄ ምኒልክ ልቼ፣ አንኮበር፣ ወጨጫ፣ እንጦጦ እያሉ ነው አዲስ አበባ የደረሱት፣ ማገዶ ሲያልቅ ወይም ብርዱ ሲጸና ከተማው ይነሳል። ቦታው ሲመረጥም ለጥበቃ እንዲመች ከፍታ ነው የሚፈለገው። ለሳይክለኛ ትርጉሙ ግልጽ ነው፣ ቤተ መንግሥት ፍለጋ የወጣ ሰው ዳገት ይጠብቀዋል።

ላንተ የምመክርህ የአምቦ መንገድን ነው። ከአስኮ ቡራዩ፣ ከቡራዩ ገፈርሳ፣ መናገሻ፣ ሆለታ፣ ከዛ አዲስ ዓለም። ከመሀል ከተማ አዲስ ዓለም ድረስ 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአስኮ ስትነሳ ከዛ ይቀንስልሃል። ቡራዩን እስክታልፍ ድረስ ነገሩ ሁሉ ታክሲ፣ ባጃጅና ሲኖ ትራክ ነው፣ አያስደስትም፣ ለዛ ነው ከ12 ሰዓት በፊት ተዘጋጅተህ ገና ጎህ ሲቀድ ውጣ የምለው። ገፈርሳ ግድብ ስትደርስ ግን አየሩ ይቀየራል። ውሃው ዳር ላይ አንድ አምስት ደቂቃ ቁም፣ በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው ክንፈ ሰማያዊ ዝይ እዛ ሳሩ ላይ ሲግጥ ይታያል፣ ሰው ሲቀርበው እንኳን ብዙም አይደነግጥም።

ከመናገሻ በኋላ እስከ ሆለታ አብዛኛው ቁልቁል ነው፣ ያንን ያህል ግን ስትመለስ ዳገት ነውና ሲሄዱ የሚሰማህን ደስታ አትመነው። በበጋ ነፋሱ ብዙ ጊዜ ከምሥራቅ ነው የሚነፍሰው፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ይበረታል፣ ስለዚህ ስትሄድ ከኋላ ሆኖ ይገፋሃል ስትመለስ ፊትህን ይዞ ይጠብቅሃል። ጉልበትህን ግማሽ በግማሽ ሳይሆን አንድ ሦስተኛውን ለመሄጃ ሁለት ሦስተኛውን ለመመለሻ አድርገህ ካሰብክ አትቸገርም።

ከሆለታ በፊትና በኋላ ያለው ገጠር ነው እንግዲህ አንተ የምትፈልገው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ከሄድክ ጤፉ ታጭዶ ተከምሯል፣ አውድማ ላይ በሬዎች ይዞራሉ፣ ገለባው በነፋስ እስከ አስፋልቱ ይመጣል። የቤቶቹን ጓሮ እይ፣ ኩበቱ እንዴት እንደሚከመር። ክቡን ኩበት አንዱን በአንዱ ላይ እያዞሩ ወደ ላይ እያጠበቡ ይክቡትና ውጪውን በእበት ይለስኑታል፣ ዝናብ እንዳያስገባ። እኔ የሳር ጎጆ ይመስለኛል። በመንገዱ ዳር ድንች በጆንያና በፌስታል ደርድረው የሚሸጡ ልጆች ታገኛለህ። ሆለታ ላይ አፄ ምኒልክ "ገነት" የሚባል ማረፊያ ቤተ መንግሥት ነበራቸው፣ በኋላም ከጣሊያን ወረራ ትንሽ ቀደም ብሎ የስዊድን መኮንኖች የጦር ትምህርት ቤት ያቋቋሙት እዛው ሆለታ ገነት ነው። ከተማዋ አሁንም የወታደር ከተማ ናት፣ ስለዚህ አጥር ባየህበት ቦታ ሁሉ ስልክ አውጥተህ ፎቶ አታንሳ።

አዲስ ዓለም ስትገባ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ከፍታው ላይ ትታይሃለች። ታሪኩ እንዲህ ነው። በ1893 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ማገዶ አለቀባት፣ ዙሪያዋ ያለው ደን ተጨፍጭፎ ሰው እንጨት ለማምጣት ሩቅ መሄድ ጀመረ፣ ምኒልክም እንደ ልማዱ ከተማውን ላንሳ ብለው እዚህ ኮረብታ ላይ ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ግን አዲስ አበባ ላይ ቤት የሠሩት የውጭ ሀገር ሌጋሲዮኖች (የዛን ጊዜ ኤምባሲዎች) መነሳት አልፈለጉም፣ በዛ ላይ ባሕር ዛፍ መጣ፣ ቶሎ ያድጋል፣ ሲቆረጥ መልሶ ያቆጠቁጣል፣ የማገዶው ችግር ተቃለለ። ከተማው ሳይነሳ ቀረ፣ ለቤተ መንግሥት የታሰበው ቤት ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ስለዚህ ከቡራዩ ጀምሮ ግራና ቀኝ የምታየው ባሕር ዛፍ ዝም ብሎ ዛፍ አይደለም፣ ዋና ከተማችን ያለችበት እንድትቀር ካደረጉት ነገሮች አንዱ ነው። ይሄን እያወቁ መንዳትና ሳያውቁ መንዳት አንድ አይደለም። ግቢው ውስጥ የነገሥታት ዕቃዎች ያሉበት ሙዚየም አለ፣ ሳይክልህን ለጥበቃው አደራ ብለህ ግባ፣ አስጎብኚው እስኪመጣ ትንሽ መጠበቅ ሊኖር ይችላል፣ ጠብቅ። ሃምሳ ኪሎ ሜትር ነድቶ በር ላይ ሰልፊ ተነስቶ የሚመለስ ሰው ያሳዝነኛል፣ ከልቤ ነው የምለው።

አንድ ነገር ልጨምር። ከከተማ ርቀህ ከመሄድህ በፊት ስለመንገዱ ሰላም በዛው ሳምንት የሚመላለሱ የሚኒባስ ሹፌሮችን ጠይቅ፣ ከነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ቅር የሚያሰኝ ነገር ካሉህ ሆለታ ላይ ተመለስ ወይም ሌላ ቀን ሂድ። ብቻህንም አትሂድ።

ጥያቄ፦ በጂም ሳይክል ከሰዓት በላይ እነዳለሁ፣ ምንም አልሆንም። እንጦጦን ልወጣ ስሞክር ግን ከሽሮ ሜዳ በላይ ትንሽ እንደሄድኩ ትንፋሼ ቁርጥ ይላል፣ እግሬ ሳይደክም። ልቤ ይሆን እንዴ ብዬ ፈራሁ። ሳይክሌ የፊት ማርሹ 53 እና 39 ጥርስ ነው፣ የኋላው ትልቁ 25 ነው። (ከስድስት ኪሎ)

መልስ፦ እህቴ፣ ደረት ላይ ሕመም፣ ማዞር ወይም ያለ ልክ የልብ መምታት ካለ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂጂ፣ ይሄ ለድርድር አይቀርብም። የጻፍሽው ግን በሁለት ነገር ይገለጻል ብዬ አምናለሁ።

አንደኛው ከፍታው ነው። መሀል አዲስ አበባ ወደ 2,400 ሜትር ነው፣ እዚህ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ጋር ሲወዳደር ሩብ ያህል ያነሰ ነው፣ እንጦጦ ጫፍ ላይ ከ3,000 ሜትር በላይ ትወጫለሽ፣ እዛ ደግሞ ቅናሹ ወደ 30 ከመቶ ይጠጋል። በአንድ ትንፋሽ የምታገኚው ኦክስጅን በዛው ልክ ያንሳል። አዲስ አበባ ስለምትኖሪ ሰውነትሽ በከፊል ለምዶታል፣ ግን ዳገት ላይ ከአቅም በላይ ከገፋሽው ወዲያው ይነግርሻል። ቀነኒሳና ሌሎቹ ሯጮቻችን እንጦጦና ሱሉልታ የሚወጡት በዚሁ ምክንያት ነው።

ሁለተኛውና ዋናው ማርሽሽ ነው። 39 በ25 ሜዳ ላይ ለሚወዳደር ሰው ነው፣ ለእንጦጦ ከባድ ነው። ፔዳሉን በደቂቃ 50 ጊዜ እንኳን ማዞር ሲያቅትሽ በእያንዳንዱ ዙር የምትገፊው ኃይል ከፍ ይላል፣ ትንፋሽም አብሮ ያልቃል። የፊቱን ኮምፓክት በሚባለው 50 እና 34 ብትቀይሪው፣ የኋላውን 32 ጥርስ ያለው ብታደርጊ በደቂቃ 70 ገደማ እያዞርሽ ቁጭ ብለሽ ትወጪያለሽ። ከመግዛትሽ በፊት ግን የኋላው ማርሽ ቀያሪ 32 ይችላል ወይ ብለሽ መካኒኩን ጠይቂ፣ የድሮዎቹ አጫጭሮቹ አይችሉም፣ ሰንሰለቱም መርዘም ሊኖርበት ይችላል። መርካቶ ውስጥ ያገለገለ ዕቃ በጥሩ ዋጋ ይገኛል፣ ጥርሱ ሹል ሹል ያለ ከሆነ ግን ተበልቷል ማለት ነውና አትግዢው።

አወጣጡን በተመለከተ ከሽሮ ሜዳ ስትነሺ ከሰው ጋር ማውራት በምትችይበት ፍጥነት ጀምሪ። ከባሕር ዛፉ መሀል ስትገቢ ጥላ አለ፣ መተንፈስ ይቀላል፣ እዛ ጋ ፍጥነት ለመጨመር ትፈተኛለሽ፣ አትጨምሪ።

ከመውጣቱ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ መውረዱ ነው። ማለዳ እንጨት ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችና እህቶች አሉ፣ ሸክሙ ከጀርባቸው ተርፎ በሁለቱም ጎን ይወጣል፣ አጎንብሰው ስለሚሄዱ ከኋላ የሚመጣ አያዩም፣ ሳይክል ደግሞ ድምፅ የለውም። ከሩቅ ድምፅ አሰሚ፣ በዝግታ እለፊያቸው፣ መንገዱ የነሱ ነው። ፍሬንሽን ደግሞ ቁልቁለቱን ሙሉ ይዘሽ አትውረጂ፣ ቸርኬው ይግላል፣ ጎማ እስከ መፈንዳት ሊደርስ ይችላል። ቀጥ ባለው ላይ ለቀቅ፣ ከመታጠፊያው በፊት ጠንከር አድርገሽ ያዢ፣ ከዛ መልሰሽ ልቀቂ።

ከላይ ስትደርሺ ማርያምን ተሳልመሽ የምኒልክን ቤተ መንግሥት እዪው። ምኒልክ ጥቅምት 25 ቀን 1882 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥት ተብለው የነገሡት እዚህ እንጦጦ ማርያም ነው። ቤተ መንግሥቱ ጭቃ፣ እንጨትና ጭድ ነው፣ ግድግዳው በኖራ ነጭ ተቀብቷል፣ በረንዳው ዝቅ ያለ ነው፣ ጣሪያውን ከውስጥ ቀና ብለሽ ስታዪው ወራጆቹ እንዴት እንደተሳሰሩ ይገርምሻል። ከዚህች ቤት ነው ጦርና ግብር፣ ደብዳቤና ውል የወጣው። እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ ወርደው የመጀመሪያውን ቤት ያሠሩት በ1879 ዓ.ም. ነው፣ ከተማው ሁሉ ቀስ በቀስ ተከትሏቸው ወረደ። አንቺም ስትወርጂ የምትወርጂው በዛው አቅጣጫ ነው።

ጥያቄ፦ የሳይክል ቁምጣ ለብሼ ቤተ ክርስቲያን ግቢ መግባት ያሳፍረኛል፣ ስለዚህ ሁሌ ውጪ ቆሜ ጓደኞቼ እስኪወጡ እጠብቃለሁ። ምን ይደረጋል? (ከሰሚት)

መልስ፦ ማፈርሽ ትክክል ነው፣ በጠባብ ቁምጣ አይገባም፣ ወንዶቹም ቢሆኑ። ግን ውጪ መቅረት የለብሽም። ስስ ረጅም ቀሚስ ወይም ሰፋ ያለ ሱሪና አንድ ነጠላ ጠቅልለሽ የማሊያሽ የኋላ ኪስ ውስጥ ይገባል፣ ክብደቱ ምንም አይደለም፣ ላስቲክ ውስጥ አድርጊው ላብ እንዳያገኘው። ነጠላው ሲበርድ አንገት ላይም ይጠቀለላል፣ ሱሉልታ ላይ ኅዳር ጠዋት ውርጭ ሲሆን ታመሰግኝዋለሽ። ጫማም እንደምታወልቂ አስቢ፣ ከስር ብረት ያለው የሳይክል ጫማ ድንጋይ ላይ ያንሸራትታል፣ በሩ ላይ አውልቀሽ በካልሲ መሄድ ይሻላል። ወንዶቹም እንደዚሁ ሱሪ ይያዙ፣ ጓደኞችሽ በቁምጣ እየገቡ ከሆነ ይሄን አስነብቢያቸው።

ጥያቄ፦ የነቢያት ጾም ላይ ነኝ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ እንነዳለን። ጓደኞቼ እንቁላልና ወተት ካልበላህ አትችልም ይሉኛል። ጾሜን መፍታት አልፈልግም። (ከሳሪስ)

መልስ፦ አትፍታ። ለረጅም መንገድ ሰውነትህ በዋናነት የሚያቃጥለው ካርቦሃይድሬት ነው፣ እሱ ደግሞ የጾም ምግባችን ውስጥ የተትረፈረፈ ነው። ከአንድ ሰዓት ተኩል በላይ ስትነዳ በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ያስፈልግሃል፣ አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል አለው፣ የቀረውን በሶና ተምር ይሞላልሃል። በሶን የሚስተካከል ነገር እኔ አላየሁም። በማርና ትንሽ ጨው ለውሰህ፣ በእጅህ ጨብጠህ አድቦልቡለህ፣ አንዱን አንዱን በላስቲክ ጠቅልል፣ በአንድ እጅ እየነዳህ ትበላዋለህ። ማር በጾም አልበላም ካልክ በስኳር አድርገው። ዘመቻ የሚሄዱ አባቶቻችን ስንቅ አድርገው የሚይዙት እሱን ነው፣ ገብሱ ተቆልቶ የተፈጨ ስለሆነ ቶሎ አይበላሽም፣ ሆድ ውስጥ አይከብድም። ቆሎ ጥሩ ነው ግን እየነዱ አይበላም፣ እያለከለክህ ትን ይልሃል፣ ስትቆም ብላው። ውሃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ያላነሰ፣ ሃይላንዱ ውስጥ ቁንጥጫ ጨውና ስኳር ጨምርበት።

አመሻሽ ላይ ቤት ስትገባ ሽሮ፣ ምስር፣ ባቄላ፣ ጡንቻህን የሚጠግነው ፕሮቲን እዛ አለ። አንድ ነገር ግን አጥብቄ የምለው፣ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳትቀምስ የምትጾም ከሆነ በዛ ሰዓት ውስጥ ረጅም መንገድ አትሂድ። በባዶ ሆድና ያለ ውሃ ቁልቁለት ላይ ራስህን ብትስት ጉዳቱ ላንተ ብቻ አይደለም። በነዚያ ቀናት አንድ ሰዓት ቀለል ያለ ንዳ፣ ረጅሙን እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አድርገው።

ጥያቄ፦ ጫንጮ መንገድ ላይ ልጆች እየሮጡ ይከተሉናል፣ አንዳንዴ ድንጋይ ይወረውራሉ፣ ውሾችም አሉ። ጓደኛዬ ዱላ ይዘን እንሂድ አለ። (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ዱላ አትያዙ። በፍጹም።

ሱሉልታን አልፎ ወደ ጫንጮ ያለው ሜዳ እኔ ከአዲስ አበባ ዙሪያ አብዝቼ የምወደው ነው፣ ከመስከረም እስከ ጥቅምት ቢጫ ነው ሁሉም ነገር፣ በክረምት ውሃ የተኛበት ሳር ላይ ላሞቹ ጉልበታቸው ድረስ ገብተው ይግጣሉ፣ ስለዚህ ይሄ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል። በዛ መንገድ ላይ እኛ እንግዶች ነን። አስር ሰው መነጽርና ሄልሜት አድርጎ፣ ሰላም ሳይል፣ ፊቱን ሳያዞር በመንደር መሀል ሲሽቀዳደም ልጁ ምን ያስብ? መኪና እንኳን ጡሩንባ ያሰማል። ከመንደሩ በፊት ፍጥነት ቀንሱ፣ ከልጆቹ በፊት እናንተ ሰላም በሉ፣ አካባቢው ኦሮምኛ ተናጋሪ ነውና "አከም ጂርቱ" ማለት ምን ያህል ፊት እንደሚያበራ ሞክራችሁ እዩት። ሽማግሌ ስታልፉ አንገት ዝቅ አድርጉ። ሻይ የምትጠጡበትን ቦታ አንድ ቤት አድርጉና ሁሌ እዛ ቁሙ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ባለቤቷ ራሷ ልጆቹን ትገስጻቸዋለች። ብርና ከረሜላ ግን አትበትኑ፣ ቀጥሎ የሚመጣው ሳይክለኛ ባዶ እጁን ሲያልፍ ድንጋዩ የሚመጣው ከዚያ ነው። ድንጋይ ከተወረወረ ቆማችሁ አትጣሉ፣ ቀጣዩ ቤት ላይ ለታላቅ ሰው በእርጋታ ንገሩ።

ውሻ ሲመጣ ደግሞ አብዛኛው የሚያሳድደው የሚሮጠውን ነው። ከሳይክል ውረዱ፣ ሳይክሉን በእናንተና በውሻው መሀል አድርጉ፣ ጠንከር ባለ ድምፅ "ሂድ!" በሉትና ቀስ ብላችሁ ተራመዱ። ከነከሰ ግን ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ለ15 ደቂቃ ታጠቡና በዛው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፣ የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ መድኃኒት የለውም።

ጫንጮ ላይ ወደ ደርባ የሚገነጠለውን መንገድ በሳይክል አልመክርም፣ ገደሉና ፏፏቴው ያምራል ግን የሲሚንቶ መኪኖች ይበዙበታል።

ጥያቄ፦ ዕድሜዬ 61 ነው። በወጣትነቴ ሳይክል እነዳ ነበር፣ ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ልጄ አንድ ገዛልኝ። ጉልበቴ ዳገት አይወድም። እኔ ነኝ ያለ የድሮ መንገደኛ የሚደሰትበት ቦታ ይጠቁሙኝ። (ከኮተቤ)

መልስ፦ ጋሼ፣ እንኳን ደስ አለዎት፣ ልጅዎም ይባረክ። ለእርስዎ የምሥራቁ መንገድ ነው፣ አያትን አልፈው ለገጣፎ፣ ከዛ ሰንዳፋ። እንደ እንጦጦ አይገተርም፣ ሞገድ እንዳለው ሜዳ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ማሳው ሰፊ ነው፣ ስንዴና ገብስ፣ ሰማዩም ይከፈታል። ሰንዳፋ ከከተማ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይጠጋል፣ መጀመሪያ ላይ እዛ ድረስ አይሂዱ፣ ለገጣፎን ትንሽ አልፈው ቡና ጠጥተው ይመለሱ፣ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ይጨምሩ። ለጉልበትዎ መቀመጫው ወሳኝ ነው፣ ፔዳሉ ታች ሲሆን ጉልበትዎ ትንሽ ብቻ እጥፍ ማለት አለበት፣ መቀመጫው ዝቅ ካለ የጉልበት ፊት ያማል። ቀላል ማርሽ ይዘው ቶሎ ቶሎ ያዙሩ። የጎማውን ስፋት 28 ሚሊ ያድርጉት፣ ነፋሱን እንደ ክብደትዎ ከ70 እስከ 80 ፒኤስአይ (ፓምፑ ላይ የሚነበበው የነፋስ ግፊት መለኪያ)፣ ከዛ በላይ ድርቅ ካለ ጉድጓዱ ሁሉ ትከሻዎ ላይ ነው የሚያርፈው።

የድሮ መንገደኛ ብለው ጽፈዋልና ይሄን ልጨምር፣ ያ መንገድ የአንኮበርና የወሎ መንገድ ነው። ከሰንዳፋ ማዶ ወደ ሸኖ በኩል ባለው ሜዳ ነው ጥቅምት 17 ቀን 1909 ዓ.ም. የሰገሌ ጦርነት የተደረገው፣ ንጉሥ ሚካኤል የተማረኩበት። አሁን ገበሬው ያርስበታል። በጉልበትዎ እዛ መድረስ ባይችሉም ልጅዎ በመኪና ወስዶ ሳይክሉን እዛ ያውርድልዎት፣ ሜዳው ላይ አስር ኪሎ ሜትር መንዳት ይበቃል። ሳይክል ደግሞ ለአገራችን አዲስ ነገር አለመሆኑን እርስዎ ከእኔ በላይ ያውቃሉ፣ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ኦሊምፒክ ስትካፈል፣ በ1949 ዓ.ም. ሜልቦርን፣ ሳይክለኞችም ይዛ ነው የሄደችው።

ጥያቄ፦ አዳዲ ማርያምና መናገሻ ሱባ ደን በሮድ ሳይክል ይኬዳል? (ከዓለም ገና)

መልስ፦ በግማሽ። ከዓለም ገና በቡታጅራ መንገድ መልካ ቁንጥሬ ድረስ አስፋልት ነው፣ እዛ አዋሽን ትሻገራለህ፣ ከወንዙ ዳር ከአንድ ሚሊዮን ዓመት የሚበልጥ ዕድሜ ያላቸው የድንጋይ መሣሪያዎች የተገኙበት ቦታ ነው፣ በ2016 ዓ.ም. ከባልጪት ጋር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ወደ አዳዲ ማርያም የሚገነጠለው ግን ጠጠር ነው፣ በ25 ሚሊ ጎማ ከሄድክ ቀኑን ጎማ ስትለጥፍ ትውላለህ። 32 ወይም ከዛ በላይ የሚይዝ ሳይክል ካለህ ሂድ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ከአለት የተፈለፈለች ናት፣ ከመሬት በታች ስለሆነች እስክትጠጋት ድረስ አትታይም። ሁለት የውስጥ ጎማና መለጠፊያ ያዝ፣ ከዋናው መንገድ ከወጣህ ጎሚስታ የለም። ሱባም ያው ጠጠርና ጭቃ ነው፣ ማውንቴን ሳይክል ተከራይተህ ግባ። ያረጁት ጽዶች መሀል መንዳት ሌላ ነገር ነው፣ ደኑን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አስተከሉት ይባላል።

ጥያቄ፦ በዓላት ላይ መንገድ ይዘጋል ወይ? ክረምትስ? (ሁለት አንባቢዎች፣ ከቡራዩና ከገርጂ)

መልስ፦ አይዘጋም ግን ሰው ይሞላዋል። ኅዳር 21 አዲስ ዓለም፣ መስከረም 21 እንጦጦ ማርያም፣ የካቲት 16 እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት፣ በነዚህ ቀናት ሳይክሉን ቤት ትታችሁ በእግር ከሰዉ ጋር ሂዱ። የደብረ ሊባኖስ ተጓዦች ግንቦት 12ና ነሐሴ 24 የሱሉልታን መንገድ ስለሚሞሉት ያን ሰሞን ወደ ምሥራቅ ዙሩ። በክረምት ጠዋት ብዙ ጊዜ ይገለጣል፣ ዝናቡ ከሰዓት ነው የሚመጣው፣ ስለዚህ 5 ሰዓት ላይ ቤት ለመግባት አስቡ፣ የኋላ መብራት አብሩ፣ ጭቃ መከላከያ አድርጉ፣ ሲኖ ትራክ ጎማው ላይ ይዞት የመጣው ጭቃ አስፋልቱ ላይ ሲቀር እንደ ሳሙና ነውና እሱን ስታዩ ፍሬን ሳትይዙ ቀጥ ብላችሁ እለፉት።